ውስጥ ለውስጥ የሚናገረው ኮምፒውተር

ያን ሰሞን ቁጭ ማለት አልችልም ነበር። ቡራዩ በተከራየናት አንድ ክፍል ቤት ከበር እስከ መስኮት፣ ከመስኮት እስከ በር ስቆራጠጥ፣ እህቴ በእግሬ ድምፅ ብቻ የት እንደደረስኩ ታውቃለች። «ኧረ ቁጭ በል! ወለሉን ጨረስከው እኮ» ትለኛለች። እህቴ ዓይነ ስውር ናት። በልጅነቷ ሰበታ ካለው የዓይነ ስውራን ትምህርት ቤት አዳሪ ሆና ተምራለች። ታይፕ ስትመታ ከእኔ ትፈጥናለች፤ ምላሷም ከጣቷ አያንስም። እኔ ታላቅ ወንድሟ፣ የሰው ኮምፒውተር እየጠገንኩ የማድር ሰው ነኝ። የአዲስ አበባ የቤት ኪራይ ሲያንገሸግሸን ሁለታችንም ጓዛችንን ጠቅልለን ወደ ቡራዩ ወጣን።

የወጣነው ግን ሰላም ባለበት ጊዜ አልነበረም። ማስተር ፕላኑ አዲስ አበባን ከዙሪያዋ ከተሞች ጋር ሊያያይዝ ነው፣ የገበሬው መሬት ሊሄድ ነው እየተባለ ሰበታም፣ ቡራዩም፣ ሱሉልታም ሲናጥ ነበር። አንድ ቀን አስፋልቱ በድንጋይና በሚቃጠል ጎማ ይዘጋል፤ በማግስቱ ይከፈትና ሰው ሁሉ ምንም እንዳልተፈጠረ ሊሮጥ ይወጣል። ተኩስ የምንሰማበት ቀን አለ። ኢንተርኔቱ ይጠፋል፣ መብራቱም ይከተለዋል። ማንም ሰው መንገዱን አይቶ የመጣ ሰው ሳይጠይቅ ከግቢ አይወጣም ነበር።

በእኛ ግቢ መንገዱን አይተው የሚመጡት አከራያችን ነበሩ። እዚያው ተወልደው ያደጉ ገበሬ ናቸው፤ ትልቅ ትንሹ በኦሮምኛ አክብሮ ኦቦ ይላቸዋል። በየጠዋቱ ዱላቸውን ይዘው እስከ አስፋልቱ ይወርዱና ተመልሰው «ነጋ ዳ፣ ሰላም ነው፤ ውጡ» ወይም «ዛሬ የለም፤ ግቡ» ይሉናል። ከጓሮ ያለችው የጤፍ መሬታቸው ላይ ሰዎች መጥተው ችካል ከተከሉበት ቀን ወዲህ እሳቸውም እንቅልፍ አልነበራቸውም። ግቢው ውስጥ ሁለት የሚቆራጠጡ ሰዎች ሆንን፤ እሳቸው ውጭ፣ እኔ ውስጥ።

የእኔ ጭንቀት ከእህቴ ፈተና ጋር የተያያዘ ነበር። ትምህርቷን ከጨረሰች በኋላ ያላመለከተችበት መሥሪያ ቤት የለም። ማስረጃዋን ሲያዩ ፈገግ ይላሉ፣ እሷን ሲያዩ «እንደውልልሻለን» ይላሉ፤ የደወለ ግን አልነበረም። በመጨረሻ አዲስ አበባ ያለ አንድ ቢሮ ስልክ የሚያነሳና የእንግሊዝኛ ደብዳቤ የሚጽፍ ሰው እንደሚፈልግ ሰምታ ራሷ ደወለችላቸው። ስልኩን ያነሳው የቢሮው ኃላፊ አላሽሟጠጠም። «እኛ ፊት ኮምፒውተር ከፍተሽ፣ ማንም ሳይነካልሽ አንድ ደብዳቤ ጽፈሽ ካስቀመጥሽ ሥራው ያንቺ ነው» አላት። ስልኩን ዘግታ እጇን አፏ ላይ አድርጋ ቀረች። እንደዚያ ሆና አይቻት አላውቅም።

እኔ ደግሞ አላርፍ ብዬ ስልኩን ተቀብዬ ደወልኩና ኮምፒውተሮቻችሁን የሚያስነሳው ኦፕሬቲንግ ሲስተም ምንድን ነው ብዬ ጠየቅሁ። «እየቀየርን ነው፤ ሁሉም ዓይነት አለ» አለኝ። ይቺ መልስ ናት ያሳበደችኝ።

ሁሉም ዓይነት ካለ ሁሉንም ዓይነት መልመድ አለባት ብዬ ተነሳሁ። ያለን አንድ አሮጌ ላፕቶፕ ነው፤ ባትሪው ሻይ እስኪፈላ እንኳን አይቆይም። ስለዚህ ቨርቹዋል ማሽን ውስጥ ገባሁ። ነገሩ እንዲህ ነው፦ በኮምፒውተሩ ላይ አንድ ፕሮግራም ትጭናለህ፤ ፕሮግራሙ ከዋናው ኮምፒውተር ትንሽ ሚሞሪ፣ ትንሽ ዲስክ ቆርሶ ሌላ ኮምፒውተር ያለ ያስመስላል። በዚያ ውስጥ የፈለግኸውን ሲስተም ትሞክራለህ፤ ቢበላሽ የውጭኛውን አይነካውም። ሊኑክስ የሚባለውን በነፃ የሚገኝ ሲስተም የተለያዩ ዓይነቶች በሲዲ ዲስክ እያሰባሰብኩ አንዱን በአንዱ ላይ ደረደርኳቸው። ብዙዎቹ ስክሪን ላይ ያለውን ጮክ ብሎ የሚያነብ ድምፅ አላቸው፤ እህቴ የምትሠራው ያንን እየሰማች ነው። የውጭኛው ሲስተም ግን ሁሉም ቢሮ ያለው የተለመደው ነው። የእኔ ኮፒ ከመርካቶ የገዛሁት፣ እንዲቀል ተብሎ ብዙ ነገሩ የተቆረጠ ስለሆነ የሚናገር ነገር አልነበረውም። ግድም አልሰጠኝ፤ መሬት ነው ብዬ ነው ያሰብኩት፣ የሚገነባው ላዩ ላይ ነው።

አንድ ቀን ኦቦ በሩ ላይ ቆመው ሲያዩኝ ቆዩና፣ «ምንድን ነው እንዲህ የሚያንገበግብህ ልጄ?» አሉኝ።

«ኮምፒውተር ውስጥ ሌላ ኮምፒውተር እየሠራሁ ነው ኦቦ።»

«ተከራይ በለኛ!»

«እንደዚያ ነው። ግን ተከራዩ ተከራይ መሆኑን አያውቅም። ቤቱ በሙሉ የእሱ ይመስለዋል።»

ኦቦ ዱላቸው ላይ ተደግፈው ወደ ጓሮ፣ ወደ ችካሉ በኩል ተመለከቱ። «እንደሱ ዓይነት ተከራይ አውቃለሁ» አሉና ሄዱ። ሳቅሁ፤ ወዲያው ደግሞ በሳቄ አፈርኩ። ከአዲስ አበባ የመጣሁ ተከራይ እኔም ነኝ።

እህቴ የአንዱን ሲስተም ቁልፎች ስትለምድ እኔ ሌላ የተሻለ አገኘሁ ብዬ እቀይርባታለሁ። በአንዱ ደብዳቤ መክፈቻው እዚህ ነው፣ በሌላው እዚያ። አንዱ ድምፅ ያፈጥናል፣ ሌላው አማርኛ ፊደል ሲያጋጥመው ቁጥር መቁጠር ይጀምራል። እሷ ትናደዳለች። «አንዱን ተውልኝ! አንድ ሰው በሁሉም ቤት አይኖርም» ትላለች። «ቢሮው ሌላውን ቢያቀርብልሽስ?» እላታለሁ። «የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች» ትለኝና ጆሮዋን ወደ ስፒከሩ ታስጠጋለች። ግን ትለምዳለች። በየዲስኩ ወረቀት ላይ በብሬል መውጊያዋ ስሙን ወግታበት፣ በዳሰሳ ለይታ ታቀብለኝ ነበር።

የፈተናው ቀን ተቆረጠ፤ መንገድ ተዘጋና ተራዘመ። እንደገና ተቆረጠ፤ እንደገና ተራዘመ። ሁለተኛው ላይ ሰውየው «ለሌላ ሰው እንዳንሰጠው ቶሎ ይሁን» ማለት ጀመረ። መንገዱን የዘጋሁት እኔ ይመስል!

በዚህ መሃል ሱሉልታ ያለ አንድ ፋብሪካ ኮምፒውተሮቹ ተበላሽተውበት ጠራኝ። ጠዋት ኦቦ «ሰላም ነው» ስላሉ ሄድኩ። ስደርስ ሰላም ነበር፤ ከሰዓት በኋላ ከኋላዬ መንገዱ ተዘጋ። በዘበኞቹ ክፍል አብሬያቸው አደርኩ፤ በማግስቱም፣ ከዚያም በኋላ። ስልኩ አይገባም። ዘበኞቹ «ቁጭ በል እንጂ ወንድም» ይሉኛል። እዚያም! ሐሳቤ ሁሉ እህቴ ዘንድ ነበር። ዳቦ አላት ወይ፣ መብራት አላት ወይ፣ ደውለው ነገ ነይ ብለዋት ይሆን ወይ እያልኩ ነፍሴ አልረጋ አለች።

መንገዱ ላላ ሲል በአይሱዙ ከተማ ገባሁ፤ ከአስኮ ጀምሮ ታክሲ ስላልነበረ በእግሬ ተያያዝኩት። አስፋልቱ ላይ የጎማ ሽቦ ተቃጥሎ ቀርቷል። ሱቆች በራቸውን እኩል ገርበብ አድርገው ይሸጣሉ። ሮጥኩ ማለት ይቻላል።

ቤት ስገባ እህቴ ላፕቶፑ ፊት ተቀምጣ ትጽፋለች። ስክሪኑ ድርግም ብሎ ጠፍቷል።

«ተበላሸ እንዴ?» አልኳት ሰላም እንኳን ሳልላት።

«ደህና ነኝ፣ ስለጠየቅኸኝ አመሰግናለሁ» አለችኝ። ላፕቶፑም ከጨለማው ውስጥ በዚያ ድርቅ ባለ የፈረንጅ ድምፁ የጻፈችውን አነበበ። «የስክሪኑን መብራት ኦቦ ናቸው ያጠፉልኝ። ባትሪ ይበላል አይደል? ለእኔ ምን ይሠራልኛል?»

ስክሪኑን አበራሁት። የእኔ ማሽኖች የሉም። የውጭኛውም ሲስተም የለም። የላፕቶፑ ዲስክ በሙሉ ተጠርጎ፣ አንድ ሊኑክስ ብቻ፣ ውስጥ ሳይሆን ደጁ ላይ፣ ቤቱን በሙሉ ይዞ ተቀምጧል። ቨርቹዋል ማሽን ላይ ከመሞከሬ በፊት ሁሌ መመለሻ ነጥብ አስቀምጥ ነበር። ይህ ግን መመለሻ አልነበረውም። ደሜ ፈላ።

«ሁሉንም አጠፋሽው? ማን ፈቀደልሽ?»

«ማንን ልጠይቅ? ስልክህ አይሠራ።»

«ስንት ቀን የለፋሁበትን!»

«ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ» አለችኝና ላፕቶፑን ወደ ራሷ ሳበችው። ከዚያ የሆነውን ነገረችኝ።

በሄድኩ ማግስት መብራት ጠፋ፤ ባትሪውም ሞተ። መብራት ሲመጣ ቁልፉን ተጫነችው፤ ማራገቢያው ዞረ፤ የሚናገር ግን የለም። የሚናገሩት በሙሉ ውስጥ ነበሩ። ወደ እነሱ ለመግባት በማይናገረው የውጭኛው በኩል ማለፍ፣ ፕሮግራሙን መፈለግ፣ ከዝርዝሩ አንዱን መርጦ ማስነሳት ያስፈልጋል። ያንን ሁልጊዜ የማደርግላት እኔ ነኝ፤ ለእሷ የምሰጣት ተከፍቶ፣ መናገር ከጀመረ በኋላ ነው። አንድ ሙሉ ቀን በግምት ስትነካካ ዋለች። የሆነ ነገር ይከፈታል፣ ምን እንደሆነ አታውቅም። ተቀምጣ አለቀሰች። ይህንን ስትነግረኝ ድምጿ አልተለወጠም።

በመጨረሻ ኦቦን ጠራቻቸው። ኦቦ በጎልማሶች ትምህርት ኦሮምኛ በሚጻፍበት የላቲን ፊደል፣ በቁቤ፣ ማንበብ ተምረዋል፤ እንግሊዝኛ አያውቁም፣ ፊደሉን ግን ያውቁታል። እሷ «ምን ይላል?» ትላለች፤ እሳቸው የእንግሊዝኛውን ቃል በኦሮምኛ ድምፅ ያነቡላታል፤ ሁለቱንም ቋንቋ ስለምታውቅ ትደርስበታለች። ግራና ቀኝ ብሎ ነገር የላቸውም፤ ማሳ የሚያዋስኑ ይመስል «ይቺ ሳጥን በአስኮ በኩል ነው ያለችው፣ ያቺ ደግሞ በገፈርሳ በኩል» እያሉ ነው የመሯት። በብሬል ለይታ የሚናገረውን ዲስክ አስገባች፤ ኮምፒውተሩ ከዲስኩ እንዲነሳ ኦቦ እያነበቡላት መረጠች። ድምፁ መጣ። ከዚያ በኋላ ዓይን አላስፈለጋትም። ላፕቶፑ ውስጥ ያለውን ሁሉ ላጥፋ ወይ ብሎ ሲጠይቃት ግን ለኦቦ ተርጉማ ነገረቻቸው።

«ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ ተይ» አሏት። «የሰው ይዞታ ነው። ባለቤቱ በሌለበት አይነካም።»

«ኦቦ፣ ፈተናው የኔ ነው» አለችና እሺ የሚለውን ተጫነችው።

«ይኸውልህ» አለችኝ። «ስንት ክፍል ሠራህልኝ። በሩን ግን ለራስህ ዓይን ነው የሠራኸው።»

እንደገና መቆራጠጥ ጀመርኩ፤ እሷም ቁጭ በል አላለችኝም።

በፈተናው ዕለት ኦቦ መንገዱን አይተው ስለፈቀዱልን አብረን ሄድን። ሰውየው እሷን አስገብቶ እኔን ኮሪደር ላይ አስቀረኝ። በሩ ስላልተዘጋ ሁሉም ይሰማኛል። ኮምፒውተሩ ተከፈተ፤ የሚጀምርበትን ዜማ ስሰማ አወቅሁት። ያ ሁሉም ቢሮ ያለው የተለመደው ሲስተም ነው። መሬት ነው ብዬ ያለፍኩት፣ አንድም ቀን ያላስተማርኳት። ከዜማው በኋላ ጭጭ አለ። እግሬ ወደ በሩ ሄደ፤ «ማንም ሳይነካልሽ» የሚለው ትዝ ሲለኝ ግድግዳውን ያዝኩ።

«አጥፍቼ ከራሴ ዲስክ ላስነሳው ይፈቀድልኛል?» ስትል ሰማኋት።

«እንዳይበላሽብን?»

«አይነካውም። ሳወጣው እንደነበረ ነው የሚሆነው። አንድ ነገር ብቻ፤ እንዳይነኩልኝ፣ ግን ስክሪኑ ላይ የተጻፈውን ያንብቡልኝ።»

ሰውየው ወንበር ሲስብ ሰማሁ። ከዚያ ማንበብ ጀመረ። አንድ መሥመር፣ ሁለት መሥመር። «ከላይ ሁለተኛው ላይ ነው ዲስክ የሚለው» አለ። ማሽኑ ሲንኳኳ፣ ዲስኩ ሲሽከረከር ይሰማኛል። ቆየ። ኧረ ቆየ! በመጨረሻ ያ ድርቅ ያለ የፈረንጅ ድምፅ ቢሮውን ሞላው፤ ተከትሎም የጣቶቿ ሩጫ መጣ። ግድግዳውን ተደግፌ እንደ ሕፃን አለቀስኩ፤ የሚያልፉ ሰዎች ሰው ሞቶበት ነው ብለው ይሆናል።

ስትወጣ ክንዴን ያዘች። «ሰኞ ጀምሪ አሉኝ» አለች። «እኔም መንገድ ከተከፈተ አልኳቸው።»

ሰኞ ጠዋት እህቴ ከሁላችን ቀድማ ለባብሳ፣ ነጭ ዱላዋንና ዲስኳን ይዛ የግቢው በር ላይ ቆማ ነበር። ኦቦ ከአስፋልቱ እየተመለሱ ገና ከሩቅ ጮኹ፦ «ኮንኮላታን ጅራ! መኪና አለ፤ ዴሚ፣ ሂጂ!»

«ልሸኝሽ» አልኳት።

«ኦቦ ታክሲው ጋ ያደርሱኛል። አንተ አንድ ቀን እንኳን ቁጭ በል።»

ሄዱ። የዱላዎቻቸው ድምፅ፣ የእሷና የእሳቸው፣ ኮረኮንቹ ላይ እየራቀ ሄደ። ቤት ገባሁና ቁጭ አልኩ። ላፕቶፑን ከፈትኩት፤ ስክሪኑን እንደገና አጥፍታዋለች። ድምፁ በፍጥነት፣ እሷ እንደለመደችው ፍጥነት፣ የሆነ ነገር ጠየቀኝ። አልገባኝም። ቁልፍ ነካሁ፤ ደግሞ ጠየቀኝ። «ምን ይላል?» ብዬ ዞርኩ፤ የሚመልስልኝ ሰው ግን ቤት ውስጥ አልነበረም።