ሂሳብ የበዛበት ቁራ

ትናንት መሪ ሰፈር፣ ከኮንዶሚኒየማችን ሥር ባለችው ካፌ ማኪያቶዬን ጠጥቼ ስጨርስ አስተናጋጁ መጣና «ጋሼ፣ ቢል ላምጣ?» አለኝ። የዛሬ ልጆች ሂሳብ ማለት ትተዋል። እኔም ሳላስበው «ምንቃሩን አምጣልኝ» አልኩት። ልጁ ትንሽ ትክ ብሎ አየኝ። ሽማግሌን ደግመው ይበሉልኝ ማለት ነውር መሰለው መሰል፣ «እሺ» ብሎ ወደ ወጥ ቤት ሄደ። ያ ቃል ከአፌ ከወጣ ስንት ዘመኑ ነው።

አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ የፈተና ውጤት የምጠብቅበት ጊዜ ነበር። አባቴ ተላላኪ ሆኖ የሚሠራበት መሥሪያ ቤት አለቃ ፈረንጅ ነው፤ ሥራው ከወረቀት ጋር ቢሆንም ልቡ ያለው ወፍ ላይ ነበር። ይህ ሰው እንጦጦ ወጥቶ ቁራ ለማየት አስተርጓሚ እንደሚፈልግ ሲሰማ፣ አባዬ አፉን ሞልቶ «ልጄ እንግሊዝኛን እንደ ውሃ ነው የሚጠጣው» ብሎት መጣ። እኔ እንግሊዝኛ የማውቀው ከመጽሐፍ ነው። ግን አባቴ ስለ ራሱ ተኩራርቶ የማያውቅ ሰው ነው፤ በእኔ ሲኮራ እንዴት ብዬ አልችልም ልበለው?

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ መኪናውን ከሥር አቁመን ሦስታችን ዳገቱን ተያያዝነው። መስከረም ጠብቷል፤ መንገዱ ግን ገና ጭቃ ነው። ባሕር ዛፉ ዝናብ ጠጥቶ ይሸታል። አባዬ የክት ኮቱን ለብሶ፣ ባርኔጣውን በእጁ ይዞ ከኋላ ይከተለናል። ኪዳነ ምሕረት አጠገብ ጋሽ ቱሉ የሚባሉ ገበሬ ባቄላ ሲለቅሙ አገኘናቸው። እሸት ዘግነው ሰጡንና ቆመን እየፈለፈልን ስንበላ ፈረንጁ አንድ ነገር ጠየቀ። ከመሐሉ «ቢል» የምትለዋን ለቀም አደረግኋት። ቢል ሂሳብ ነው፤ ምግብ ቤት ስለገባ ሰው የሚያወራው ምዕራፍ ላይ ተምሬዋለሁ።

«ትልቅ ሂሳብ ያለበት ቁራ አይተው ያውቃሉ ወይ ነው የሚለው» አልኳቸው።

ጋሽ ቱሉ ማላመጣቸውን አቆሙ። «ቁራን ደግሞ ማን አበደረው?»

ይህንኑ ለፈረንጁ ተረጎምኩለት። መጀመሪያ ግራ ገባው፤ ከዚያ ሆዱን ይዞ ሳቀ። ጣቶቹን አፉ ላይ ገጥሞ ከፈት ዘጋ ሲያደርጋቸው ጋሽ ቱሉ «ኧረ ምንቃሩን ነው» አሉ። ይኸው ቁራው ራሱ መጥረቢያ የሚያህል ምንቃሩን ይዞ የቤተ ክርስቲያኑ አጥር ላይ ቁጭ ብሏል። ፈረንጁ መነጽሩን አንስቶ እኔን ረሳኝ። እኔ የማየው አባቴን ነበር። ባርኔጣውን በእጁ እያዞረ መሬት መሬቱን ያያል።

በኋላ መዝገበ ቃላት ስገልጥ፣ ቢል የወፍ ምንቃርም ነው፣ የብር ኖትም ነው፣ ለምክር ቤት የሚቀርብ ረቂቅ ሕግም ነው፣ አልፎ ተርፎ የሰው ስምም ነው። እንግሊዞች ቃል አጥሯቸው ነው እንዴ እላለሁ እስከ ዛሬ።

ፈረንጁ በመኪናው ላምበረት ሰፈር አውርዶን ሄደ። አባዬ መንገዱን ሙሉ ፊቱን ወደ መስኮቱ አዙሮ ነበር። አንገቱን አስደፋሁት ብዬ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ተመኘሁ። ከዚያ አንዲት ምግብ ቤት አስገባኝና ጥብስ አዘዘ፤ በደኅና ቀን እንኳ የማያደርገውን። እኔ አቀርቅሬ በላሁ። ስንጨርስ አስተናጋጇን ጠራ።

«የኔ ልጅ፣ እስቲ ምንቃሩን አምጪልን።»

«ምን አሉኝ አባባ?»

ቀና ብዬ አየሁት። ፊቱ እንደተኮሳተረ ነው፤ ትከሻው ግን ይንቀጠቀጣል። «ያ ምስኪን ቁራ ምን ቢበላ ነው እንደዚያ የበዛበት?» አለኝ። እንባዬ እስኪወርድ ሳቅኩ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «እኔ ይኼን ሁሉ ዘመን ሰውዬውን ጉድ ሞርኒንግ ብቻ ነው ያልኩት። ዛሬ ልጄ አሳቀው» አለ።

ከዚያ ወዲህ ቤታችን ሂሳብ ምንቃር ሆኖ ቀረ። የመብራት ሂሳብ ሲመጣ እማዬ «ምንቃር መጣ» ትላለች። አባዬ በመጨረሻው ሕመሙ ሆስፒታል ተኝቶ እንኳ «ምንቃሩ እንዳይበዛባችሁ፣ ቤቴ ውሰዱኝ» ይለን ነበር። እሱ ሄደ፤ እማዬም ተከተለችው። ያችን ቃል የሚሰማ ሰው አጥቼ እኔም ተውኳት። በጣም ይናፍቁኛል።

አስተናጋጁ ከወጥ ቤት ተመለሰ፤ ባዶ እጁን ነው። ጎንበስ ብሎ፣ «ጋሼ ይቅርታ፣ ጠይቄልዎት ነበር። ምንቃር አልቋል አሉኝ» አለ።

«ልክ ናቸው ልጄ» አልኩት። «በል ሂሳቡን አምጣልኝ።»