የደረቀችው ምንጭ ወረፋ

ደብረ ብርሃን ሥዕል አስተምራለሁ። የተወለድኩት ግን አንኮበር፣ ገደል አፋፍ ላይ ባለች መንደር ነው፤ የልጅነቴን ውኃ የጠጣሁባት ምንጭም እዚያው ናት። ዛሬ ምንጭ የምላት ከልማድ ነው እንጂ ከደረቀች ቆይታለች። ዙሪያዋን ባሕር ዛፍ የተከልነው የትምህርት ቤት ልጆች ነን። ጥላ ይሆናታል ብለን፣ እየዘፈንን ተከልን፤ በገዛ ውኃዋ አጠጣነው። እሱም ጠጥቶ ጠጥቶ አደገ። ከተካዮቹ አንዷ እኔ ነኝና ማንንም መክሰስ አልችልም።

አምና ስለ ተፈጥሮ ጥፋት ዕቃ ቦታ ላይ ደርድሮ የሚሠራ የኢንስታሌሽን ሥራ እንዳቀርብ ስጠየቅ ከእሷ ሌላ ነገር አልታየኝም። ያረጁ ቢጫ ጄሪካኖች ከየጓሮው ለቅሜ፣ ነፋስ እንዳይወስዳቸው ድንጋይ ጨመርኩባቸውና ከምንጯ አፍ ጀምሬ እስከ መኪናው መንገድ ደረደርኳቸው። ስሙን «ወረፋ» አልኩት። የሚያልፉ ሴቶች «ምንድን ነው?» ሲሉኝ «ነገ ታያላችሁ!» አልኳቸው። ቆሜ ሳየው፣ እውነቱን ልናገርና፣ ኮራሁ።

በማግስቱ ሥራውን ሊያዩ ከተጋበዙት እንግዶች ቀድሜ ስደርስ ሰልፉ ረዝሟል። ከእኔ ክዳን አልባ ጄሪካኖች ኋላ ክዳን ያላቸው፣ መሸከሚያ ገመድ የታሰረላቸው ተሰልፈዋል። ሴቶቹም አጠገባቸው ተቀምጠዋል። በእኛ አገር ጄሪካን ማለት ሰው ማለት ነው፤ ባለቤቱ ባይኖርም ተራ ይዞ ይቆማል፣ እሱን ቀድሞ መሰለፍ ነውር ነው። ሴቶቹ የውኃ ቦቴ ሊመጣ ነው ብለው የእኔን ሳይነኩ ከኋላ ተራ ያዙ።

ከሴቶቹ ሁሉ ፊት የተቀመጡት አክስቴ ነበሩ፣ የአባቴ ታላቅ እህት።

«መጣሽልን የኔ እናት!» አሉኝ። «ቦቴውን ያስመጣሽው አንቺ ነሽ ሲሉ ሰማሁ፤ እውነት ነው?»

«እትዬ፣ ዛሬ ወንዝ አልወረዱም እንዴ?»

«ምን ሊያደርግልኝ? ምራቴ ከወለደች ሦስተኛ ቀኗ ነው። ጨርቁ ሳይታጠብ ተከምሯል፤ ለአጥሚት የሚሆን ውኃ እንኳ የለኝም። ደጄ ድረስ ሊመጣልኝ ገደል ልውረድ?»

ወንዝ ወርዶ ለመመለስ ግማሽ ቀን ይፈጃል። እውነቱን ልነግራቸው አፌን ስከፍት የእንግዶቹ መኪኖች ደረሱ። ዝም አልኩ። እስከ ዛሬ የሚያንገበግበኝ ያ ዝምታ ነው።

እንግዶቹ በሰልፉ ዳር እየተመላለሱ አደነቁ፤ ሴቶቹን ፎቶ አነሷቸው። አንደኛው እጄን ጨብጦ «ሕዝቡን የሥራው አካል ማድረግሽ ድንቅ ነው» አለኝ። አመሰገንኩት። አመሰገንኩት! ያን ጊዜ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

መኪኖቹ ሲሄዱ ፀሐይ አናት ላይ ደርሳለች። አክስቴ እግር ሥር ተቀምጬ ነገርኳቸው፤ ቦቴ የሚባል ነገር እንደሌለ፣ ጄሪካኖቹ እንዲታዩ ብቻ እንደተደረደሩ።

«ለምን ይታያሉ?»

«ችግራችንን ሰው እንዲያይልን ነው፣ እትዬ።»

«እኛ መች ጠፋን? እኛን አያዩም?» አሉ። አልተቆጡም፤ ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር። «ላም አለኝ በሰማይ ሆነብኝ በይኛ። አሁን ወንዝ ብወርድ ይመሽብኛል። አራሷን ምን ልበላት?»

ዙሪያዬን ስመለከት እንግዶቹ ጠጥተው የጣሏቸው የፕላስቲክ ጠርሙሶች ሳሩ ላይ ተበትነዋል። ውኃ የተረፈባቸው ሁለት ብቻ ነበሩ። ሮጬ አነሳኋቸውና አክስቴ ጄሪካን ውስጥ አንቆረቆርኳቸው፤ ታቹን እንኳ አልሸፈነም።

ለአክስቴ የነገርኩትን ያልሰሙት ከኋላ የነበሩት ሴቶች የውኃውን ድምፅ ሰምተው ተነሡ። አንዷ «ተጀመረ!» አለች። ሁሉም ጄሪካናቸውን አንድ አንድ እርምጃ ወደፊት አስጠጉ።