ይርገዱ «ተቀበል!» ያለች ዕለት

ጎንደር አራዳ፣ ይርገዱ ዘንድ ሹሩባ ለመሠራት የገባች ሴት ሁለት ነገር ይዛ ትወጣለች፤ የተጎነጎነ ጠጉርና የተጎነጎነ ወሬ። ጠጉሩ በሳምንት በሁለት ሳምንቱ ይፈታል። ወሬው ግን አንዴ ከተጎነጎነ ፈቺ የለውም።

ይርገዱ የእንፍራንዝ ልጅ ናት፤ ጎንደር የገባችው በጋብቻ ነው። ባሏን ሰው ሁሉ ዝምተኛ ይለዋል። ለነገሩ ተራ አግኝቶ አያውቅም። ሴት ልጅ ስትወልድ ስሟን ሚስጥር ብትላት ሰፈሩ በሳቅ ፈረሰ፤ «ይርገዱ በዕድሜዋ ይዛ የቆየችው ሚስጥር ይህችን ብቻ ነው፤ እሷንም ዘጠኝ ወር» ተባለ። ቀልዱን ማን እንደጀመረው በውል አይታወቅም። ራሷ ይርገዱ ናት የሚሉ አሉ።

ሚስጥር አድጋ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሆነች፤ ነርሲንግ አጥንታ ዘንድሮ ተመራቂ ናት። የእናቷን መልክ ወስዳ ምላሷን ትታላታለች፤ ሲጠሯት ፈገግ፣ ሲጠይቋት ነቅነቅ፣ በቃ። ታዲያ አምና በወላጆች ቀን እናቷ ከወንበር ብድግ ብላ፣ ይህች ልጅ ሕክምና የጀመረችው ገና በልጅነቷ የጎረቤት ዶሮ በእሾህ ስትከትብ ነው ብላ ለሕዝብ አወራች። ዶሮዋ ለጥቂት ተርፋለች። ሚስጥር ግን አልተረፈችም፤ ከዚያ ወዲህ በግቢው ስሟ «የዶሮዋ ሲስተር» ሆኖ ቀረ።

ዘንድሮ ተማሪዎቹ የባህል ፌስቲቫል አዘጋጁ። ከየአገሩ የመጣው በየባህሉ ይጨፍራል፤ የሚገኘው ገቢ ጧሪ ለሌላቸው አረጋውያን ብርድ ልብስ ይገዛበታል። ሚስጥርም ከጎንደር ቡድን ጋር እስክስታ ልትወርድ ነው። ጠዋት እየለበሰች፣ በዚያ በማይሰማ ድምፅዋ እንዲህ አለች፦

«እማዬ፣ ዛሬ አንዲት ቃል ከተነፈስሽ ለምርቃቴ አልጠራሽም።»

ይህ ለይርገዱ ቀላል ነገር አልነበረም። ልጇን በጥቁር ጋውን ለማየት ስንት ዓመት የሰው ጠጉር ስትጎነጉን ኖራለች፤ ለዕለቱ የምትለብሰውን ቀሚስ እንኳ ከወዲሁ አሰፍታ ሳጥን ውስጥ አስቀምጣለች። አንዲት ቃል አልልም ብላ ቃል ገባች። ሚስጥር ግን እናቷን ታውቃለችና፣ ለጎረቤታቸው ለጨርቅ ነጋዴዋ ለራቢዓ አደራ ሰጠች፤ አጠገቧ ተቀምጠሽ አፏን ስትከፍት ቆንጥጪልኝ አለቻት።

አዳራሹ ጢም ብሏል። የወላይታ ልጆች ወገባቸውን ሲያሾሩት፣ የጋምቤላዎቹ ጣራ ሊነኩ ሲዘሉ፣ ይርገዱ ነጠላዋን አፏ ላይ ጠምጥማ እንደ ታመመ ሰው ተቀምጣለች። ያም ሆኖ ራቢዓ በየመሀሉ ትቆነጥጣታለች። ምነው፣ መች ተናገርኩ በሚል ዓይን ብታያት፣ ራቢዓ የነጋዴ ልጅ ናትና፣ «ቀብድ ነው» አለቻት።

የጎንደር ተራ ደረሰ። ማሲንቆ የያዘው ካሣዬ የሚባል የኢንጂነሪንግ ተማሪ ነው። እንደምናውቀው ማሲንቆ ብቻውን አይሞቅም፤ ከተመልካቹ አንዱ «ተቀበል!» ብሎ ግጥም ይወረውራል፣ ባለማሲንቆው ይቀበላል፣ ጨዋታው ይደራል። እዚህ ግን ማን ይበል? ግማሹ ተማሪ ወጉን አያውቀው፣ የሚያውቀውም አፍሯል። ፊት ለፊት የተደረደሩት የክብር እንግዶችም ፊታቸውን እንደ ፈተና ወረቀት ዘርግተው ተቀምጠዋል። በተለይ መሀል ያሉት አንድ ኃላፊ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አጣጥፈው፣ ፌስቲቫሉ እስኪያልቅ የሚጠብቁ ይመስላሉ። ካሣዬ የያዘው ግጥም አለቀበትና ያንኑ ደገመው። ደግሞ ሰለሰው። መድረኩ ላይ ትከሻ ሁሉ እየቀዘቀዘ መጣ። ሚስጥር ዓይኗን መሬት ላይ ተከለች።

ይርገዱ ይህን አየች። ብትናገር ምርቃቱ ቀረ፤ ዝም ብትል ልጇ በአገር ፊት ልታፍር ነው። እሷ ገና እያመዛዘነች ሳለ አፏ መዝኖ ጨርሶ ኖሯል።

«ተቀበል!»

አዳራሹ በሙሉ ዞረ። ከሁሉ ቀድሞ የደረሰው ግን ዕንባቆም ነበር። ዕንባቆም ከሶዶ የመጣ አዲስ ተማሪ ነው፤ ጎንደር ከገባ ገና ሦስት ወሩ። በአንድ እጁ የብርድ ልብሱን መዋጮ ሳጥን፣ በአንድ እጁ ማይክ ይዟል፤ የሚሰጥ ሰው ከተጣራ ሮጠህ ተቀበል፣ ስሙንም ለሕዝቡ አሰማ ተብሏል። ለእሱ ተቀበል ማለት ያው ተቀበል ማለት ነው። ወንበር እየዘለለ መጥቶ ሳጥኑን ጭኗ ላይ ዱብ አደረገና ማይኩን አፏ ሥር ደቀነ።

«ተቀብያለሁ እናቴ፤ ማን ልበል?»

ይርገዱ ያላትን በር ላይ ሰጥታ ገብታለች፤ በእጇ ቤሳ የለም። ራቢዓ የመጨረሻውን ቁንጥጫ አሳረፈች፤ ግን ለይርገዱ አፍ ማይክ መጨመር ለክረምት ጎርፍ ቦይ መቅደድ ነው።

«እጆቹን አጣጥፎ የተቀመጠው ሰው፣
በርዶት እንደሆነ ብርድ ልብሱን አልብሰው!»

ካሣዬ ከሰማይ እንደወረደለት መና ተቀበላት። ሕዝቡ ኃላፊውን አየና በሳቅ ፈነዳ። ኃላፊው መጀመሪያ ቀሉ፤ ቀጥሎ የታጠፈው እጃቸው ተፈታ፤ ኋላም ሳቃቸውን መያዝ አቅቷቸው ተነሥተው ሳጥኑ ውስጥ ብር ከተቱ፣ ማይኩንም ተቀብለው የራሳቸውን ግጥም ሞከሩ። ግጥሙ ቤት አልመታም፤ ቤቱን ግን አሳቀው።

ይሄኔ ራቢዓ ንግዱ ታያት። ቁንጥጫውን ትታ ቆመችና፣ ከዚህ በኋላ ሳጥኑ ውስጥ ያልጣለ ተቀበል ማለት አይችልም ብላ አወጀች። ከዚያማ ማን ይቻለው! ሲዳማው በሲዳምኛ፣ ኦሮሞው በኦሮምኛ ግጥሙን ወረወረ፤ ካሣዬ ያልገባውን ቃል ሲቀበል ምላሱ ሲተሳሰር ሰው በሳቅ አነባ። ዕንባቆም ከዳር ዳር ሲሮጥ ጫማው ወለቀበት።

በዚህ ሁሉ መሀል ሚስጥር ከመድረክ ወረደች። ላቧ በፊቷ እየወረደ፣ ሳትስቅ፣ ቀጥ ብላ ወደ እናቷ መጣች። ይርገዱ ጋውኑም ቀሚሱም የቀሩባት መሰላት። ልጅቷ ሳጥኑ ውስጥ አንድ ነገር ጣለችና ማይኩን ከዕንባቆም ተቀበለች።

«ተቀበል» አለች።

«አንዲት ቃል አልልም ያለችው እናቴ፣
ማይኩን ጨምራበት፣ ወየው ጎረቤቴ!»

አዳራሹ የፈረሰ መሰለ። ራቢዓ የተጠቀሰችው ጎረቤት እሷ ናትና ከወንበሯ ተንሸራታ ወለል ላይ ቀረች። ይርገዱ ግን ያቺ ነቅነቅ ብቻ የምታውቅ ልጇ ይህን ከየት አመጣችው እያለች ነጠላዋን መልሳ አፏ ላይ ጠመጠመች።

ማታ ሲመለሱ ይርገዱ አፏን ዘግታ ነው የሄደችው። አራዳ ሲደርሱ አልቻለችም፤ ስለ ምርቃቱስ ምን ታስቧል ብላ ቀስ አድርጋ ጠየቀች።

ሚስጥር ወደ ፊት እያየች «ትመጫለሽ» አለች። «ግን አፍሽን ይዘሽ ነው።»

«ይዤ ማለት... ዘግቼ ነው፣ ወይስ እንዳልረሳው?»

ሚስጥር ፈገግ አለች። በማግስቱ ሹሩባ ሊሠሩ የመጡት ሴቶች ግን የሰሙት ሁለተኛውን ፍቺ ብቻ ነው።