ያልተሳበው ገመድ

የወሰዱኝ ከማሽን ላይ ነው። ወሎ ውስጥ ባለ አንድ የካርቶን ፋብሪካ የፈረቃ ኃላፊና የሠራተኛ ተወካይ ነበርኩ። ሁለት ሲቪል የለበሱ ሰዎች ግራና ቀኝ ያዙኝና "አድማ አስነሥተሃል" ብለው እየገፉ አስወጡኝ። ሥራ አስኪያጃችን፣ ፊንላንዳዊው መሐንዲስ፣ ቀዩ ገመድ አጠገብ ቆሞ ያያል።

ገመዱን ያስዘረጋው እሱ ራሱ ነው፤ ሲሳብ ማሽኑን ከዳር እስከ ዳር ያቆማል። ነገር ሲበላሽ ያየ ሁሉ ይሳበው፣ የጽዳት ሠራተኛም ብትሆን ለምን አቆምሽ የሚላት የለም፣ ይለን ነበር። ምክንያቱን ምሳ ሰዓት ላይ አጫውቶኛል። ያደገው እንጨት መሰንጠቂያ ባለበት መንደር ነው፤ መጋዙን የሚያቆም ጠፍቶ የአባቱ እጅ ተቆረጠ። መሐንዲስ የሆንኩት ለዚህ ነው አለኝ፤ እኔም አመንኩት። ያን ቀን ታዲያ እየተጎተትኩ ዓይኔን ከገመዱ ላይ አልነቀልኩም። አሁን ይስበዋል፣ አሁን ይስበዋል እያልኩ በሩ ጋ ደረስን። አልሳበውም!

ያስገቡኝ ክፍል ጠባብ ነው። በጎናችን ነው የምንተኛው፤ አንዱ ሲገላበጥ ሁሉም ይገላበጣል። አምፖሉ አይጠፋም። የሽንት ጄሪካኑ ሽታ እስከዛሬ ካፍንጫዬ አልወጣም።

ባለቤቴ የመጀመሪያ ልጃችንን ልትወልድ ወሯ ገብቶ ነበር። መርማሪው ይህን ያውቃል። ፈረንጁን ከአገር ለማባረር ሰበብ ይፈልጉ ስለነበር ሻይ አስመጣልኝና በለሰለሰ ድምፅ፦

"አድማውን ያስነሣው ፈረንጁ ነው በል። ዛሬውኑ ከሚስትህ ጋር ነህ" አለኝ።

ወላሂ፣ አፌ ላይ መጥቶ ነበር። እንዴት አይመጣ? ዓይኑ እያየ ስወሰድ ዝም ያለ ሰው ነው።

"ለሕመም ፈቃድ ብለን አድማ የመታነው እኛው ነን፤ ማንም አላስነሣንም" አልኩት። ሻዩን ሳልቀምሰው መለስኩለት።

ክፍል ስገባ አጠገቤ የሚተኛው ሽማግሌ መምህር ከመርማሪው ጋር የተባባልነውን ሁሉ ጠየቀኝ፤ ነገርኩት።

"ለዚያ ፈሪ ብለህ ልጅህን ሳታይ ልትቀር ነው?"

"ለእሱማ አይደለም ጋሼ። ውሸት ስለሆነ ነው።"

ሽማግሌው ተነሣና በግድግዳው በኩል ያለውን የራሱን ቦታ ለቀቀልኝ፤ እዚያ ክፍል ውስጥ የተሻለው መተኛ እሱ ነበር።

ልጄ ተወለደች። ስፈታ በእግሯ ትሄዳለች፤ ስታየኝ ከእናቷ ቀሚስ ኋላ ተደበቀች።

ኋላ ከአገር ወጣን፤ ዛሬ የምንኖረው ስዊዘርላንድ፣ ዙሪክ አጠገብ ባለችው ዲቤንዶርፍ ከተማ ነው። ልጄ ጄኔቫ ትማራለች። ባለፈው ሰሞን ደውላ፣ አንድ ፊንላንዳዊ ኢትዮጵያ ውስጥ ስላስተዳደረው ፋብሪካ እዚህ ሊናገር ነው፣ ና አለችኝ። በባቡር ሄጄ ፕላንፓሌ አደባባይ ተገናኘንና ንግግሩ የሚደረግበት አዳራሽ ገባን። እሱው ነው! ሸብቷል። ሲያስተዋውቁት እንደሰማሁት፣ እኔ ጄሪካኑ ሥር ተኝቼ እሱ ዙሪክ ዋናው መሥሪያ ቤት በዕድገት ተዛውሯል፤ ኋላም የኩባንያው የበላይ ሆኖ ጡረታ ወጥቷል። የአባቱን እጅ ተረከ። ቀጥሎ ቀዩን ገመድ ስክሪኑ ላይ አሳየና ማንም ሰው ማሽን ማቆም ይችል ነበር አለ። አዳራሹ አጨበጨበ። ደሜ ፈላ።

ጥያቄ ሲባል ተነሣሁ።

"እኔን ሲወስዱኝ ገመዱ አጠገብ ቆመው ነበር። ለምን አልሳቡትም?"

ትክ ብሎ አየኝ። አወቀኝ።

"ጭነት የሚወጣበት ቀን ነበር" አለ።

ምነው ዋሽቶኝ በነበረ! ተቀመጥኩ።

ልጄ ስለ እስሩ እንጂ ስለ ሻዩ ሰምታ አታውቅም። ትራም ፌርማታው ላይ ሁሉንም ነገርኳት። አንገቷን ደፍታ ሰማችኝ።

"አባ፣ እሱ ነው ብትላቸው ስወለድ ትኖር ነበር?"

"እኖር ነበር።"

ትራሙ መጣና ሄደ፤ ሁለታችንም አልተሳፈርንም። እኔ ይህን ሁሉ ዓመት የተናደድኩት በእሱ ነው። እሷ በማን እንደተናደደች ለመጠየቅ አልደፈርኩም። ቀጣዩ ሲመጣ ክንዴን ያዘችና "ና፣ እንሂድ" አለችኝ።