የጾም ነው ያልኩት ዱቄት

ይህን ለማንም ተናግሬው አላውቅም። ለነፍስ አባቴ እንኳ ሌላ ሌላውን ኃጢአቴን እዘረዝርና እዚህ ስደርስ ምላሴ ይታሰራል። ለእናንተ የደፈርኩት ስለማታውቁኝ ይሆናል።

ቦሌ ቡልቡላ ባለች ጠባብ ዎርክሾፕ የበሬ ቆዳ ቁርጥራጭና አጥንት እየዘፈዘፍኩ፣ እያጠብኩ፣ በለስላሳ እሳት እየቀቀልኩ ለመገጣጠሚያ ይበጃል የሚባለውን ኮላጅን አወጣ ነበር። ቄራ የሚጥለው ነገር በእጄ ነጭ ዱቄት ሲሆን ኩራቴ አይጣል ነው! ሰው ግን አልነበረኝም። አያት ኮንዶሚኒየም ያለውን ቤቴን የሚያንኳኩት ጎረቤቴ እትዬ አስካለ ብቻ ነበሩ። ጉልበታቸውን ስለሚያማቸው፣ አመሻሽ ላይ ከሥራ ስገባ ዱቄቱን በሞቀ ውሃ እበጠብጥላቸዋለሁ። እሳቸውም እየጠጡ ስለ ልጆቻቸው ያወሩኛል፤ ከሳህ ብለው ይቆጡኛል። በቀን ውስጥ በስሜ የሚጠራኝ ሰው እሳቸው ብቻ ነበሩ።

ሁዳዴ ሲገባ በሩ ላይ ቆሙ። «ልጄ፣ ይሄ ነገር የጾም ነው እንዴ? ካልሆነ ለፋሲካ ያድርሰን» አሉኝ።

ሃምሳ አምስት ቀን። ሃምሳ አምስት ቀን ቤቴ ሳይንኳኳ ሊመሽ ነው። የቆዳው ሽታ ከእጄ ሳይለቅ፣ ዓይኔን በጨው አጥቤ «የጾም ነው እትዬ፣ ከአትክልት ነው» አልኩ። እኔ ነኝ ያልኩት። በየቀኑም እኔ በጠበጥኩላቸው።

ስቅለት ዕለት ሲሰግዱ ዋሉ። ጉልበታቸውን ያጸናው ዱቄቱ ይሁን እምነታቸው አላውቅም። ሲመለሱ «ዘንድሮ ጾሜንም ስግደቴንም ሳላጎድል እዚህ ደረስኩ፣ እግዜር ይስጥህ» ብለው ግንባሬን ሳሙኝ። «አሜን» አልኩ።

ለጉልበታቸው ብዬ ነው ብል ሌላ ውሸት ይሆናል። ለመድኃኒት ከሆነ የነፍስ አባታቸው ይፈቅዱላቸው ይሆናል፤ ላይፈቅዱም ይችላሉ። መጠየቁ የሳቸው ነበር፣ እኔ ቀማኋቸው። ለምን? ብቻዬን መቀመጥ ስለፈራሁ የሰው ጾም ይፈታል?

በዓመቱ ታመሙ። አልጋቸው አጠገብ ሁለታችን ብቻ በነበርንበት ሰዓት እውነቱ ከአፌ ሊወጣ ደርሶ ነበር። «ብዙ በድያለሁ፤ በዚያች ጾም ግን ይምረኛል ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ» አሉኝ። እጃቸውን ያዝኩ፣ አልተናገርኩም። ዝም ያልኩት ለሳቸው አዝኜ ነው? ወይስ እንዳይጠሉኝ? መልሱን አውቀዋለሁ። በሦስተኛው ቀን አረፉ።

ይቅር በሉኝ አልላችሁም። የበደልኩት እናንተን አይደለም።