በወንዶች በኩል ያለው ሥዕል

እናቴ ከአምበር ከተማ ወጣ ብሎ ባለው ቤተ ክርስቲያናችን ዕድሜ ልኳን አስቀድሳለች፤ የገዛ እናቷን መልክ ግን አይታ አታውቅም። አያቴ የሞተችው አንድ ልጇ፣ እናቴ፣ ገና ጡት ሳትጥል ነው። ያሳደጓት ሌሎች ናቸው። አያቴ ከመሞቷ በፊት ለመቅደሱ ግድግዳ የእመቤታችንን ሥዕል አሥላ ስለነበር፣ ሠዓሊው እንደ ልማዱ እሷንም ከሥር ስትሰግድ ሥሏታል። ከዚያ ሌላ ምስል የላትም። ሥዕሉ ያለው ግን በሰሜን፣ በወንዶች መቆሚያ በኩል ነው፤ እናቴ ደግሞ ወደዚያ አትሻገርም። “ሥርዓት ነው” ካለች አለቀ። እኔም አንጋጥጬ የማየው በጧፍ ጭስ የጠቆረ ግድግዳ ብቻ ነበር።

አምና ዓይኗ መድከም ሲጀምር፣ “ሳይጠፋብኝ ባየኋት” አለችኝ። አንጀቴን በላችው። ስልኬ ጨለማ ውስጥ የሚያነሳው ጉም ስለሆነ ካሜራ ልገዛ ደብረ ማርቆስ ሄድኩ።

ሻጩ ሰርግ የሚያነሳ ጎልማሳ ነው። አንድ አብረቅራቂ ካሜራ አውጥቶ ስለ ሜጋፒክሰሉ ይለፈልፍልኝ ጀመር። እኔ ደግሞ ደሜ ቶሎ ይፈላል።

“ወንድሜ፣ ሙሽራ አይደለም የማነሳው፤ ጨለማ ነው! ፍላሽም አይፈቀድም” አልኩት።

ሳቀና ያገለገለ ካሜራ አመጣ። ሌንሱ አጭር ነው፣ ዙም አያደርግም፣ አፉ ግን ሰፊ ነው።

“ይሄ ያለችውን ብርሃን ሁሉ ይሰበስብልሃል። ያለ ትራይፖድ፣ ያለ ሦስት እግሩ ማቆሚያ፣ ግን እንዳትሞክረው” አለኝ።

ትራይፖድና ትርፍ ባትሪ ጨምሬ ያዝኩ፤ ሊያሸክመኝ የደረደረውን ቦርሳና የሌንስ ማጣሪያ ተውኩለት።

ቄሱ ከቅዳሴ በኋላ፣ “አንሳ፤ ያ ብልጭ የሚለው ነገር ግን እንዳይበራ” ብለው ፈቀዱልኝ። ጫማዬን አውልቄ ገባሁ። የመጀመሪያዎቹ ፎቶዎች ሁሉ ተበላሹ። የቤተ ክርስቲያናችን ወለል ጉዝጓዝ በጉዝጓዝ፣ በላዩም ምንጣፍ ነው፤ ቄሱ በተራመዱ ቁጥር ትራይፖዱ ይወዛወዛል። ምንጣፉን ገልጬ፣ ሣሩን ጠርጌ እግሮቹን ከመሬቱ አደረስኩ። እሳቸውም ባሉበት ቀጥ አሉ። ካሜራው በራሱ እንዲያነሳ አስተካክዬ እጄን ሰበሰብኩ፤ ትንፋሼንም ያዝኩ። ሌንሱ ተከፍቶ ቆየ፣ ቆየና ቀጭ አለ።

ጉድ ነው! ግድግዳው ፊት ለፊቴ እንደ ጠቆረ ነው፤ በካሜራው ስክሪን ላይ ግን የእመቤታችን ሰማያዊ ልብስ፣ የመላእክቱ ቀይ ክንፍ፣ ቢጫው፣ አረንጓዴው ቦግ ብሎ ወጣ። ቄሱ አማተቡ።

“ዕድሜ ልኬን በዕጣን ሳጥነው የኖርኩት ይህ ነው?” አሉ ቀስ ብለው።

እናቴ ከሴቶች በር ውጭ ድንጋይ ላይ ተቀምጣ ትጠብቀኝ ነበር። ከሥር ያለውን አጉልቼ ካሜራውን እጇ ላይ አስቀመጥኩላት። አያቴ ተደፍታ፣ ፊቷን ወደ እኛ መልሳ ትሰግዳለች። እናቴ ስክሪኑን በነጠላዋ ከፀሐዩ ጋርዳ አየቻት። ታለቅሳለች ብዬ ስጠብቅ ጣቷን ወደ ሥዕሉ ጫፍ ወሰደች።

“ጀርባዋ ላይ ያለው ምንድን ነው ልጄ?”

እኔም ልብ አላልኩትም ነበር። ይበልጥ አጎላሁት። አንቀልባ ነው። ከአንቀልባው ውስጥ ዓይኗን ያፈጠጠች አንዲት ጨቅላ ብቅ ብላለች።

እናቴ ካሜራውን ወደ ደረቷ አስጠጋችው።

“አዝላኝ ነበር ለካ!” አለች።