ክሊፍ ያልወደቀበት ምሽት

ክሊፍ አክሮይድ ጦርነቱ ካበቃ ወዲህ ለከተማው ቡድን ሞተር ይጋልብ ነበር። ቀን ቀን በሱፍ ፋብሪካው ማሽን ይጠግናል፤ ቅዳሜ ማታ የከሰል ጠጠር በፈሰሰበት ክብ መም ላይ፣ መታጠፊያው ጋ መሬት የሚረግጥበትን የብረት ጫማ ግራ እግሩ ላይ አስሮ ይወዳደራል። ሞተሩ ፍሬን የለውም። ከፊት ያለው ጋላቢ ከወደቀ፣ የኋለኛው ሞተሩን ከነራሱ መሬት ላይ ያጋድማል እንጂ በሰው ላይ አይሄድም። ይህ የትም አልተጻፈም፤ የማያውቀው ጋላቢ ግን የለም።

ሚስቱ ኔሊ እሑድ ጠዋት፣ ቤተ ክርስቲያን ከመሄዳቸው በፊት፣ ጀርባው ላይ የተሰገሰገውን የከሰል ጠጠር በወረንጦ ትለቅምለታለች። ግራ ጉልበቱ ግን በወረንጦ የሚድን አልነበረም። ሐኪሙ፣ “አንዴ ብትወድቅበት እግርህ ይቆረጣል” ብሎታል።

“በቃ ተወው” አለችው ኔሊ።

“ዘንድሮን ብቻ ልጨርስ።”

“እንግዲያው አልወድቅም ብለህ ማልልኝ።”

“የማይወድቅ ጋላቢ የት አይተሽ ታውቂያለሽ?”

“ማልልኝ አልኩህ!”

ማለላት።

በዓመቱ ውድድር የመጨረሻ ቅዳሜ የቡድን ጓደኛው ዋልተር ሰግደን ልብስ መቀየሪያው ውስጥ፣ “አባባ፣ ምርኩዝዎን ረሱት እንዴ?” ሲል ቀለደበት።

“ለአንተ ምርኩዝ ምን ያደርጋል? እያነከስኩም እቀድምሃለሁ።”

ሁሉም ሳቁ።

ሁለተኛው ዙር ላይ ዋልተር ሲታጠፍ የኋላ ጎማው ከዳውና ወደቀ። ክሊፍ ከኋላው ነበር።

“አጋድመው!” ብሎ ጮኸ ተመልካቹ መሃል ከኔሊ አጠገብ የቆመው ሰውዬ።

ክሊፍ አላጋደመውም። በውጭ በኩል ሊያልፈው ሞከረ። ቦታው አልበቃም። ሞተሩ ዋልተርን አንገቱ ላይ መታው፤ ክሊፍ ግን እየተንገዳገደ ሳይወድቅ አጥሩ ጋ ደረሰ።

ዋልተር ሆስፒታል ሳይደርስ ሞተ። አሟሟቱን የመረመረው የፍርድ ቤት ዳኛ ድንገተኛ አደጋ ነው አለ። ክሊፍን የወቀሰውም አልነበረም። ዕቃውን ሊወስድ ልብስ መቀየሪያው ሲገባ ግን ጓደኞቹ መንገድ ለቀቁለት። አንዱ አንገቱን ደፍቶ፣ “ሚስተር አክሮይድ፣ ሻይ ይፈልጋሉ?” አለው። የምር አንቱ ብለውት አያውቁም ነበር። ክሊፍ ቦርሳውን አንጠልጥሎ ወጣ፤ ዳግመኛም አልጋለበም።

እግሩ አልተቆረጠም። በሁለት እግሩ ፋብሪካ እየተመላለሰ አረጀ። ኔሊ ማታ ማታ እራት አቅርባ ፊት ለፊቱ ስትቀመጥ፣ “ያስማልሽኝ አንቺ ነሽ” እስኪላት ትጠብቃለች። ቢላት ታለቅስ ነበር፤ ምናልባት አብረው ያለቅሱ ነበር። እሱ ግን ድንቹን በሹካ እየፈረፈረ በመስኮቱ ወደ ውጭ ያያል።

“ነገም ሊዘንብ ነው መሰለኝ” ይላታል።